ሃያ ሊትር ውሃ የሚይዘው የዣንጥላ መቆሚያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ) አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። አራት ትልልቅ ዣንጥላ፣ አሥራ ስድስት በርጩማ፣ ሁለት የከሰል ምድጃ፣ በቃ ይኸው ነው ንብረቴ። ዣንጥላዎቹ የቆሙበትን ጥቁር ፕላስቲክ እያየ «ይሄን የት ገዛኸው? ጥሩ ነው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

የገዛሁት መጋቢት ላይ ነው። ሄርማታ መርካቶ፣ ከአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ። አንዱ 2,400 ብር፣ አራቱ 9,600። ክብ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሜትር፣ ውስጡ ባዶ። መሃሉ ላይ የዣንጥላው ዘንግ የሚገባበት ቱቦ አለ፤ በጣት በሚዞር ብሎን ይጠብቃል። ከላይ በኩል አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። በዚያ ውሃ ትሞላበታለህ፣ ጎሚኒ ባለው ክዳን ትዘጋዋለህ። ባለሱቁ በኩራት፣ «ውሃ ብቻ ሙላበት ወንድሜ፣ ከዛ በኋላ ዝሆን አይገፋውም» አለኝ።

ውሃ እንደ ክብደት ሲያገለግል ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ሜካኒካል የተማርኩት እዚሁ ኪቶ ነው። ከዚያ ባሕር ዳር ሄጄ የመርከበኞቹን ሥልጠና ወሰድኩ፤ ከዚያ አራት ዓመት በውጭ አገር መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠራሁ። ስንዴና የብረት ማዕድን የምታመላልስ መርከብ ነበረች። (የአገራችን መርከብ ላይ ነው የሠራኸው ወይ የሚሉኝ አሉ። «ጊቤ» የምትባል መርከብ እንደነበረችን የሰማ የጅማ ሰው መቼም ወንዙን ትቶ ስለ መርከቧ ነው የሚጠይቀኝ። አይ፣ እሷን አልሠራሁባትም።) ከሥራዎቼ አንዱ የባላስት ፓምፖቹን መጠበቅ ነበር።

ባላስት ማለት ሚዛን ለመጠበቅ ተብሎ የሚጫን ክብደት ነው። የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር አይደለም፣ ሥራው መክበድ ብቻ ነው። መርከብ ጭነቷን ስታራግፍ ከውሃው ብድግ ትላለች። ፕሮፔለሯ ብቅ እያለ አየር ይቀዝፋል፤ ነፋሱ ባዶ ጎኗን አግኝቶ እንደ ሸራ ይገፋዋል። ስለዚህ ከሆዷ ሥርና ከጎኖቿ ያሉትን ታንኮች በባሕር ውሃ እንሞላለን። በትልቅ መርከብ ይሄ ከ10 ሺህ ቶን በላይ ውሃ ሊሆን ይችላል። ድሮ ድንጋይና አሸዋ ነበር የሚጫነው፣ ያውም በሰው ትከሻ። የብረት መርከብና የእንፋሎት ፓምፕ ሲመጣ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ውሃው ድንጋዩን ተካው። ውሃ ነጻ ነው፣ በፓምፕ ይገባል፣ በፓምፕ ይወጣል።

ስለዚህ ባለሱቁ ሲናገር ውስጤ አምኖታል። እንደውም ትንሽ ናፍቆት ቢጤም መጣብኝ። አራቱንም ሞላኋቸው፣ ክዳኑን አጠበቅሁ፣ ዣንጥላዎቹን ተከልኩ። ሦስት ሳምንት ምንም አልሆነም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም፣ ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ መጣ። የጅማ ሰው ያውቀዋል። ሰማዩ ጥግ ላይ ይጠቁራል፣ አቧራ ይነሳል፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ይመታል። ሦስተኛው ዣንጥላ መጀመሪያ ጎንበስ አለ። መቆሚያው በአንድ ጎኑ ተነሳ። እጄን ዘርግቼ ልይዘው ስል አልፎኝ ሄዶ ረከቦቱ ላይ ተኛ። ዘጠኝ ሲኒ ደቀቀ። ሁለት ተማሪዎች ልብሳቸው ቡና በቡና ሆነ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ጀበናው ግን ማቶቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

ጥግ ላይ የሚቀመጡ ሀጂ አሉ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ ሦስት ሲኒ። ተነሥተው ዣንጥላውን አብረውኝ አነሡና ጀበናውን አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ቂጡ ድቡልቡል የሆነው ማቶት አለው፣ አልወደቀም። ዣንጥላህስ ምን አለው?»

«ውሃ አለው» አልኳቸው። መቆሚያውን ወዝወዝ ሳደርገው ግን ቃጭል የሚመስል ድምፅ አሰማ። ግማሽ ነበር።

ጎሚኒው ነው። ቀጭን ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፤ ክዳኑ ላይም ሙሉ በሙሉ አይተኛም። መቆሚያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠብ ጠብ ይላል። መሬቱ አፈር ስለሆነ ሲፈስ አይታይህም። መርከብ ላይ ይህን አልፈቅድም ነበር። እዚያ ታንኩ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ በየጊዜው ይለካል፦ ጫፉ ላይ የናስ ክብደት የተንጠለጠለበት የብረት ሜትር በቱቦ ታወርዳለህ፤ ውሃው የነካበት ቦታ በደንብ እንዲለይ ሜትሩን ቀለሙ የሚቀየር ነገር ትቀባዋለህ፤ ታወጣዋለህ፣ ታነባለህ፣ ትጽፋለህ። ፓምፑ ሞልቷል ቢልህም ትለካለህ። እዚህ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ክዳኑን ከፍቼ አላየሁም። ጥፋቱ የኔም ነው።

ግማሽ ታንክ ለመርከበኛ መጥፎ ቃል ነው። ታንክ ወይ ይሞላል ወይ ይደርቃል እንጂ መሃል ላይ እንዲቆይ አይፈለግም። ለምን? በሰፊ ሳፋ ግማሽ ውሃ ይዛችሁ ለመሄድ ሞክሩ። ትንሽ ስታዘነብሉ ውሃው ሁሉ ወዳዘነበለው ጎን ይሮጣል፣ የባሰ ያዘነብላችኋል። መርከብም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2006 «ኩጋር ኤስ» የምትባል ከጃፓን ወደ ሰሜን አሜሪካ መኪና የጫነች መርከብ፣ አላስካ በኩል ባሉት የአሌውሺያን ደሴቶች አካባቢ የባላስት ውሃዋን ስትቀይር ጎኗ ላይ ተኛች። 60 ዲግሪ ገደማ። ውስጧ ከ4,700 በላይ መኪና ነበር። ባሕር ላይ ውሃ መቀየር ምን አስፈለጋት የሚል ካለ፦ ከአንዱ ወደብ የተቀዳ ውሃ የዚያን አገር ጥቃቅን ፍጥረታትና ቀንድ አውጣ ይዞ ሌላው ወደብ ላይ ይደፋል፣ እዚያ ተራብቶ የአገሬውን ያጠፋል። ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፍ ስምምነት ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አሁን ብዙ መርከብ ውሃውን የሚያክም መሣሪያ አለው።

እውነቱን ለመናገር ግን ዣንጥላዬን የጣለው የውሃው መናወጥ አይደለም። መቆሚያው ለዚያ ትንሽ ነው። የጣለው መቅለሉ ነው። ቡና የሚረከብ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ በሚዛኑ መዘንኩት። ባዶውን 1 ኪሎ ተኩል። ሙሉ ውሃ ሲሆን 21 ተኩል። የዚያን ቀን የነበረው 12። ጎረቤቴ «ይሄ ደግሞ ስንተኛ ደረጃ ቡና ነው?» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር።

ከዚያ ማታ ላይ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ዣንጥላው ራሱ 6 ኪሎ ነው። ነፋሱ የሚገፋው ከመሬት 2 ሜትር ከ20 ላይ ነው። መቆሚያው ደግሞ ከመሃል እስከ ዳር 25 ሳንቲም ብቻ። ስታሰላው፣ ግማሽ ውሃ የነበረውን ዣንጥላ ለመጣል ጫፉ ላይ የ2 ኪሎ ግፊት ይበቃዋል። የሁለት ኪሎ ስኳር ያህል። ሙሉ ውሃ ቢሆንስ? 3 ኪሎ። ዝሆኑን እርሱት፣ ፍየልም ትጥለዋለች።

ቀጥሎ አሸዋ ሞከርኩ። ደረቅ አሸዋ ሊትሩ 1 ኪሎ ከ600 ገደማ ይመዝናል፣ ከውሃ በጣም ይሻላል። ችግሩ ቀዳዳው ነው። የወንዝ አሸዋ አምጥቼ እርጥቡን ልጨምር ስል ቀዳዳው አፍ ላይ ጠቅጠቅ ብሎ ቀረ። ሸራ ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመታሁት፤ በወንፊት ነፋሁት፤ የሃይላንድ ቂጥ ቆርጬ ገልብጬ እንደ ማንቆርቆሪያ ተጠቀምኩበት። አንድ እጄ ያፈሳል፣ ሌላው መቆሚያውን በእንጨት ይመታል። ካልመታኸው አሸዋው ከመሃል ተቆልሎ ዳር ዳሩ ባዶ ይቀራል። ለአንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አራተኛውን ስጨርስ ጀርባዬ አልቃና ብሎ ነበር። የክዳኑ ጥርስ ውስጥም አሸዋ ገብቶ ስታጠብቀው ቅርጭጭ ይላል።

33 ኪሎ ሆነ። እዚህ ላይ ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከሞላችሁት አሸዋ ላይ ውሃ ጨምሩበት። በአሸዋው ፍሬዎች መሃል ብዙ ክፍት ቦታ አለ፣ ሰባት ሊትር ያህል ጠጣ። 40 ኪሎ ገባ። ክዳኑ ቢያንጠባጥብ እንኳን የሚጠፋው ያ ሰባቱ ነው፣ አሸዋው የትም አይሄድም። መቆሚያውን የገዛችሁ ሰዎች ሌላውን ባታነቡ ይቺን አንብቡ።

ግን አሁንም ስሌቱ 5 ኪሎ ግፊት ነው የሚለው። ከ2 ይሻላል፣ ለጅማ ነፋስ ግን አይበቃም።

ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ስፋት ስለሚያንሰው ነው። ከፍታው ለመሠረቱ በዝቷል። ስዊድኖች «ቫሳ» የምትባል የጦር መርከብ ሠርተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1628 ከስቶክሆልም በመጀመሪያ ጉዞዋ ትንሽ መንገድ እንደሄደች ነፋስ ጎንበስ አደረጋት፣ በመድፍ መስኮቶቿ ውሃ ገባ፣ ሰመጠች። ከመሄዷ በፊት ሰላሳ ሰዎች መርከቧ ላይ ከጎን ወደ ጎን እያሯሯጡ ሞክረዋት ነበር። ሦስት ጊዜ እንደተመላለሱ በጣም ስለተወዛወዘች አስቆሟቸው። ከዚያም ለቀቋት። ሆዷ ውስጥ 120 ቶን ያህል ድንጋይ ነበራት። ከዚያ በላይ ቢጭኑባት ደግሞ የታችኞቹ መድፎች መስኮት ወደ ውሃው ይቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 አውጥተዋት አሁን ሙዚየም ውስጥ ናት። የኔን ሦስተኛ ዣንጥላ ሳይ እሷ ትዝ ትለኛለች።

ክብደት ታች መጨመር ሁልጊዜ ምቾት ነው ማለትም አይደለም። የብረት ማዕድን ስንጭን ክብደቱ ሁሉ መርከቧ ወለል ላይ ይሆንና ማዕበል ሲገፋት ቀስ ብላ አትመለስም፣ ጅራፍ እንደተመታ በቅሎ ነው የምትመለሰው። ሻይ መጠጣት አትችልም። ስንዴ ስንጭን እፎይ እንል ነበር።

ደንበኞቼ ተማሪዎች ናቸውና ይህ ነገር አንድ ሳምንት ሙሉ ወሬ ሆነ። አንዱ «አውሮፕላንስ?» አለኝ። አውሮፕላንማ የባሰ ነው፤ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ሚዛን ነው። አንድ ጊዜ ከአባ ጅፋር አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ስበር ሰው ጥቂት ነበር፤ ከመነሣታችን በፊት አስተናጋጇ ፊት ከተቀመጥነው ሦስታችንን «እባካችሁ ወደ ኋላ» አለችን። አጠገቤ የነበሩት አባት ከፋቸው፣ «ከፍዬ የያዝኩት ወንበር!» አሉ። «አባቴ፣ እኛ ነን ሸክሙ፤ ሚዛኑ እንዲስተካከል ነው» ብላቸው ጭራሽ ደነገጡ። ባልናገር ይሻል ነበር። ትልልቆቹ አምራቾች አዲስ አውሮፕላን ሲሞክሩ ተሳፋሪ ስለሌለ ወንበሩ ቦታ ላይ የውሃ በርሜል ይደረድሩና ውሃውን ከፊት ወደ ኋላ በፓምፕ እያመላለሱ ሚዛኑ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ያያሉ። ሞተር የሌላቸው ተንሳፋፊ አውሮፕላኖች ደግሞ ፍጥነት እንዲያገኙ ክንፋቸው ውስጥ ውሃ ይይዛሉ፣ ከማረፋቸው በፊት ይደፉታል። ቦታ ጠባብ ሲሆን ግን ውሃ አያዋጣም። ያን ጊዜ እርሳስ ነው፣ ሲብስም ተንግስተን፤ ተንግስተን ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል።

እኔ ተንግስተን የለኝም። ሲሚንቶ ግን አለ።

ብየዳ ቤት ሄጄ «ለዣንጥላ ባላስት ሥራልኝ» ስለው ልጁ «እሱ እኛ ጋ የለም፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ጠይቅ፤ የፍሎረሰንት አይደል?» አለኝ። ቃሉን እዚህ ሰው የሚያውቀው ለአምፖል ነው። ለነገሩ ያም ስሙን ያገኘው መብራቱን አላናውጥ ብሎ ስለሚይዘው ነው። ወረቀት ላይ ስስልለት ገባው። ከጎሚስታ አሮጌ ቸርኬ በ700 ብር ገዛሁ። ከሥሩ አራት የቱቦላሬ እግር በየዱለት፣ እያንዳንዱ ከመሃል 45 ሳንቲም ይወጣል። መሃሉ ላይ ቧንቧ ተከልን፣ ቸርኬውን በሲሚንቶ፣ በአሸዋና በጠጠር ሞላነው። ከነሥራው 3,900 ብር። 48 ኪሎ። ስሌቱ በእግሮቹ አቅጣጫ 11 ኪሎ ግፊት ይላል፣ በሁለት እግር መሃል ሲሆን ወደ 8 ይወርዳል። ክብደቱ ከአሸዋው ብዙም አልበለጠም፣ ልዩነቱን ያመጣው የእግሩ ስፋት ነው።

ሀጂ ሲያዩት ምንም አልገረማቸውም። የተቀመጡበትን የጅማ በርጩማ መታ መታ አደረጉት፦ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ሦስት እግር፣ ዝቅ ያለ፣ እግሩ ወደ ውጭ የከፈተ። «አናጢው ይሄን ሲሠራ ወረቀት አልያዘም» አሉ። መልስ አልነበረኝም። የፕላስቲክ ወንበር ስሰጣቸው ለምን እንደሚመልሱልኝም ያኔ ገባኝ። በሦስት እግር የቆመ ነገር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይወላገድም።

የቸርኬው ጉዳቱም አለ። ማታ ወደ ውስጥ ማስገባት ለሁለት ሰው ነው። እግሮቹ ሰው ያደናቅፋሉ፤ አንድ አሳላፊዬ ሁለቴ ተደናቅፏል፣ ቢጫ ቀለም ቀባናቸው። መልኩም አያምርም። ፕላስቲኩ በመልክ ይበልጠዋል፣ ይሄን አልክድም። ቀለሙም እስከ ዛሬ አልለቀቀም፣ አካሉም አልተሰነጠቀም።

ስለ ሱቁም ልናገር። ክዳኖቹን ይዤ ስመለስ ልጁ አልተከራከረኝም፣ ሁለቱን በነጻ ቀየረልኝ። ለቀሩት ሁለቱ «አልቋል፣ ሲመጣ እደውላለሁ» አለ። እስካሁን አልደወለም። ከመኪና ውስጥ ጎማ ቀድጄ ራሴ ጎሚኒ ቆረጥኩለት፣ ከፋብሪካው ይሻላል።

እንግዲህ ልግዛ ወይ ለምትሉኝ። በረንዳ ላይ ወይም አጥር ውስጥ ለፀሐይ ብቻ ከሆነ ግዙት፤ አሸዋና ውሃ አንድ ላይ ሙሉት። የዣንጥላው ዘንግ በጠረጴዛ መሃል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በጣም ያግዛል። ሜዳ ላይ ለንግድ ከሆነ 2,400 ብራችሁ ላይ 1,500 ጨምራችሁ ወደ ጎሚስታ ሂዱ። በየትኛውም ቢሆን ሰማዩ ጥግ ላይ ከጠቆረ ዣንጥላውን እጠፉት። አምስት ኪሎም ሆነ አሥራ አንድ ኪሎ፣ የሚያዝያን ነፋስ የሚችል መቆሚያ አላየሁም። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ውሃ ብቻ ለሞላበት ሰው ሁለት ነው።

እስካሁን የቀየርኩት ሁለቱን ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ብየዳ ቤት ተራ ይጠብቃሉ። ከወጡት ፕላስቲኮች አንዱ አሁን በር ላይ «ቡና አለ» የሚለውን ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ባለፈው ማክሰኞ እሱም ወድቆ አገኘሁት። ፍየል ናት ይላሉ።